ቀዷ የሌለባት ልጅ

ሰው ሁሉ የወደደልኝ ዝምታ የኔ ነበር ወይስ የበሽታዬ? እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ሐኪሞቹን አልጠየቅኋቸውም፤ ብጠይቃቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም። በደም ምርመራ የሚታወቅ ነገር ብዙ ነው። አንድ ሰው ዝም ያለው እያሰበ ይሁን ደክሞት የሚለይ ብልቃጥ ግን አላየሁም።

ቤታችን መካነ ሰላም፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ነው። አባቴ በግቢያችን ቁርአን ያስቀሩ፣ ማለት ያስተምሩ ነበር። እኔ በልጅነቴ ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ተዳርኩ። ባሌ ቤት ሳለሁ የወር አበባዬ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ቀረ። መጀመሪያ እርግዝና መስሎን ሁላችንም ደስ አለን። ሆዴ ግን አልገፋም። ተጠበቀ፣ ተጠበቀና ልጅ አልወለደችም ተብዬ ተፈታሁ። አንደኛ ክፍል የገባሁት ወደ አባቴ ቤት ከተመለስኩ በኋላ፣ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ቀን ክፍሉ ስገባ ሕፃናቱ መምህርት መስያቸው ብድግ አሉ። እኔም ደንግጬ አብሬያቸው ቆምኩ።

ዐሥረኛ ክፍልን ስጨርስ እዚያው ከተማ ባለ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀጠርኩ። መጽሐፍ በየመደቡ መደርደር፣ የተገነጠለ ጀርባ መለጠፍ፣ ተውሶ የጠፋን ተማሪ ማሳደድ። ከዚህ የበለጠ የሚስማማኝ ሥራ አልነበረም። አንድ መጽሐፍ ቦታውን ስቶ ካየሁ ምሳዬ አይወርድልኝም።

በኛ አገር የሴት ነገር በአደባባይ አይወራም፤ ይታወቃል ግን። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ጨርሶ አይደበቅም። የወር አበባ የመጣባት ሴት አትጾምም፣ አትሰግድም፣ ቁርአን አትነካም። «ሰላት የለኝም» ካለች ለሰሚው በቂ ነው። ያመለጣትን ጾም ከዒድ በኋላ ሌላ ቀን ጾማ ትተካለች። ቀዷ የሚባለው ይህ ነው። የሰፈራችን ሴቶች ቀዷቸውን ተጠራርተው፣ እየተቀላለዱ ነበር የሚያወጡት።

«ያንቺ ስንት ነው?»

«ስድስት። ያንቺስ?»

«እኔማ አራስ አልነበርኩ? ሙሉውን ወር ተሸክሜዋለሁ! ባሌ ይጹምልኝ እንጂ!»

ሳቁ እኔ ጋ ሲደርስ ይቆማል። እኔ ቀዷ የለብኝም። ረመዳንን ከጨረቃ እስከ ጨረቃ፣ አንድ ቀን ሳላጎድል እጾም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለአሮጊት እንጂ ለወጣት ሴት አይሆንም። እናቴ ግን ትርጓሜውን አግኝታለታለች። «ልጅ የነሳት አላህ በምትኩ ንጽሕናውን ሰጣት» ትል ነበር። «የኔ ልጅ ቀዷ አያውቃትም!»

ይህ አባባል ከግቢያችን ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ። የታመመ ልጅ ያላት «ዱዓ አርጊልኝ» ብላ ትመጣለች። የአባቴን ሴት ተማሪዎች ማስቀራት ለኔ ተሰጠ፤ አንድም ቀን «ዛሬ ቁርአን አልነካም» የማልል እኔ ነኛ። ሴት ስትሞት ለማጠብ መጀመሪያ የምጠራው እኔ ሆንኩ። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ሬሳ ብታጥብ ይቻላል የሚሉ ዓሊሞች አሉ፤ በኛ ሰፈር ግን አይደረግም ነበር። አጠገባችን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት፣ ባላቸውም ልጆቻቸውም ያለቁባቸው፣ ባገኙኝ ቁጥር እጄን ይዘው «እኔን የምታጥቢኝ አንቺ ነሽ፤ ወላሂ ሌላ እንዳትነካኝ!» ይሉኝ ነበር።

«ኧረ ገና ነዎት።»

«ገናም ብሆን። ወረፋዬን ልያዝ ብዬ ነው።»

ለተፈታች ሴት ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ከባል ቤት ስመለስ አንገቷን የደፋች እናቴ፣ በኔ ምክንያት አንገቷን ቀና አደረገች።

ማንም ያላወቀው ሌላ ነገር ደግሞ ነበረኝ። አንድ ቀን ልብሴን ስለውጥ ደረቴ ላይ እርጥበት አየሁ። ወተት ነበር። ያልወለደች፣ የተፈታች፣ አባቷ ቤት የምትኖር ሴት፣ ጡቷ ወተት ያወጣል! ይህን የሚያይ ሰው ምን እንደሚል ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም፤ ወልዳ ጣለች ነው የሚለው። ከአሮጌ ነጠላ ቀድጄ ደረቴን አሰርኩ። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ሳላስር ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

ብርዱም ነበረ። በበጋ ጋቢ ተከናንቤ እቀመጣለሁ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይዝላል። ሰው ሲሰድበኝ መልሱ አፌ ላይ አይደርስም፤ ሲያሞግሰኝም ደስታው አይደርስም። «አደብ ያላት» ይሉኛል። እኔም አደብ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ያጋለጠኝ ዓይኔ ነው። በር መቃን ትከሻዬን ይመታኝ ጀመር። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተማሪዎች በጎንና በጎኔ እየመጡ ያስደነግጡኛል። ገበያ መሐል ደግሞ አንዷ የሰፈራችን ሴት ክንዴን ይዛ አቆመችኝ።

«ምነው አንቺዬ! ደመወዝተኛ ሆንሽና ሰላምታ ነፈግሽን?»

«ወላሂ አላየሁሽም።»

«እኔን? ግመል አክዬ አጠገብሽ ቆሜ?»

እውነቷን ነበር፤ ሴትዮዋ ቀላል አልነበረችም። እኔም አላየኋትም። ከዚያ ወዲህ ሳነብ የመስመሩ ጫፍ ይጠፋኝ ጀመር። ብርዱን ችዬዋለሁ፣ ወተቱን አስሬዋለሁ፤ መጽሐፍ ግን የማልችለው ነገር ነበር። ደሴ ሄድኩ።

የዓይን ሐኪሙ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አፍንጫቸውን እንዳይ አዘዙኝና እጃቸውን በጎን ዘረጉ። «ጣቴ ሲንቀሳቀስ ስታዪ ንገሪኝ» አሉ። ጠበቅሁ። «መቼ ነው የሚጀምሩት?» አልኳቸው። እጃቸውን አወረዱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጠየቁኝ፣ ከዓይን ሐኪም ይመጣል ብዬ በሕልሜም ያላሰብኩትን ነው። «የወር አበባሽ ይመጣል? ጡትሽስ ወተት ያወጣል?»

መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። አልተናገርኩም፤ ለመጀመሪያው ጥያቄ ራሴን ወዘወዝኩ፣ ለሁለተኛው ነቀነቅኩ። ለሐኪም እንዲህ ማለት መንገር አይባልም። ቢሆንም እኚያ ሰው እስከ ዛሬ ከዱዓዬ አይለዩም።

አዲስ አበባ የላኩኝ እሳቸው ናቸው። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቴ ለሕክምናው ገንዘብ ላከችልኝ፤ ያረፍኩት ከአክስቴ ልጅ ቤት ነው። ራሴ በትልቁ መሣሪያ ፎቶ ተነሣ። ደሜም ተመረመረ፤ አንድ ብልቃጥ የሚበቃቸው መስሎኝ ነበር፣ ስንቱን ሞሉ! ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ምስሉን መብራት ላይ ሰቅላ አስረዳችኝ። ከአንጎል ሥር፣ ከሁለቱ የዓይን ጅማቶች መገናኛ በታች፣ ሽንብራ የምታህል ፒቱታሪ የምትባል እጢ አለች። የአንገቱን እጢ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉትን፣ የማሕፀኑን ዕንቁላል፣ ሁሉን የምታዝ እሷ ናት። የኔዋ ላይ ዕባጭ በቅሎ እሷን ከታች ተጭኗታል፣ ዓይኔን ከላይ ገፍቶታል።

እኔ የመጣልኝ የውሃ አባት ነው። በኛ ቆላ፣ መስኖ ባለበት፣ ውሃው ዛሬ ለማን ነገ ለማን እንደሚለቀቅ የሚወስን አንድ ሽማግሌ አለ። እሱ ከታመመ አንዱ ማሳ ይደርቃል፣ ሌላው ረግረግ ይሆናል። ይህን ስነግራት ሐኪሟ ሳቀችና «ለተማሪዎቼ እነግርልሻለሁ» አለችኝ። የደረቀውንም ማሳ ቆጠረችልኝ፤ የአንገቱ እጢ ሆርሞን አንሷል፣ ብርዱና ድካሙ ከዚያ ነው። ሰውነት በሕመምና በድንጋጤ ጊዜ የሚደገፍበት ኮርቲዞል የሚባለውም አንሷል። ወተት የሚያዘው ግን ከልክ በላይ ሞልቷል፤ የወር አበባዬን ያስቀረው ይኸው ነው።

«እና ያልወለድኩት…?»

«ከዚህ የተነሣ ነው። ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

ቀጥላ ስለ ቀዶ ጥገናው ነገረችኝ። በኪኒን የሚሟሽሽ ዓይነት አለ፤ የኔ ግን አድጎ ውስጡ ደም ቋጥሯል፣ ዓይኔም አይጠብቅም። ሰማኋት። ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ግን ያ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ያለችው ነበር።

በአፍንጫ ነው የሚገቡት። ይህን ስነግራት የአክስቴ ልጅ «በአፍንጫ? ጉንፋን መስሏቸው እንዳይሆን!» አለች። ከቀዶ ጥገናው በፊት ኮርቲዞሉን የሚተካ መድኃኒት ጀመሩልኝ፤ ያለዚያ ሰውነቴ አይችለውም ተብሎ። ስነቃ አፍንጫዬ ተወትፏል፣ በአፌ ነው የምተነፍሰው። ፊቴን ወደ ጣራው እንዳደረግሁ፣ ራሴን ሳላዞር፣ በግራዬ ያለችው ታማሚ ብርቱካን ስትልጥ አየሁ። ልጣጩ እየተጠማዘዘ ወደ ጭኗ ሲወርድ አየሁት። አለቀስኩ። ለዓመታት ዕንባ ወጥቶኝ አያውቅም ነበር።

የሚቀጥሉት ቀናት የጥም ነበሩ። ውሃን በሰውነት የሚይዘው ሆርሞንም ከዚያው ሰፈር ነውና ቀዶ ጥገናው ለጊዜው አደናግሮት፣ የጠጣሁት ሁሉ ወዲያው ይወጣል። እጠጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ እጠጣለሁ። ባለ ብርቱካኗ «ይቺ የወሎ ልጅ ዓባይን ሳትጨርስ አትሄድም» ብላ ክፍሉን አሳቀችው። ይህ በመድኃኒት አለፈ። ወተቱ ቀስ በቀስ ደረቀ። የአንገቱን ሆርሞን በየማለዳው በኪኒን ተኩልኝ። ኮርቲዞሉ ግን በየምርመራው እንደ ወረደ ቀረ። ሐኪሟ ወደ አገሬ ልትሸኘኝ ስትል አስቀመጠችኝ።

«ይህቺን ኪኒን አንድም ቀን አታቋርጪም። ትኩሳት ከያዘሽ እጥፉን ትውጫለሽ። ካስመለሰሽና ኪኒኑ ካልረጋልሽ የዚሁኑ መድኃኒት መርፌ ሳትወጊ አትደሪም፤ ያለዚያ በአንድ ቀን ልትሞቺ ትችያለሽ። ራስሽን ስትስቺ መናገር ስለማትችዪ፣ ቤት ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር። ለማን ትነግሪያለሽ?»

«ለእናቴ» አልኳት።

አልነገርኳትም። «ዓይኔን ነው የታከምኩት» ብዬ ገባሁ። ዋሽቼ አልነበረም፤ ዓይኔም ነበር። ስለ ኪኒኑ ብነግራት ለምን ትለኛለች። ለምኑን ብነግራት ወተቱ ይመጣል፣ የወር አበባው ይመጣል፣ የቀዷው ነገር ይፈርሳል። ያ ንጽሕና ያለችው ነገር ዕባጭ ነበር ብዬ እንዴት ልንገራት? ከፍቺዬ በኋላ የተጽናናችበት እሱ ብቻ ነው።

እኔ ግን ሌላ ሰው ሆኜ ነበር የተመለስኩት። ጋቢውን ጣልኩ። ይርበኝ ጀመር፤ ሽሮ እንዲህ ይጣፍጥ እንደነበር ረስቼው ኖሯል። ተማሪ መጽሐፍ አጥፎ ሲመልስ እቆጣለሁ፤ ሰው ቀልድ ሲናገር ከሁሉም ቀድሜ እስቃለሁ። ከእናቴ ጋር በምስር ዋጋ ተከራከርን፤ በሕይወታችን የመጀመሪያው ክርክር ሳይሆን አይቀርም። አንገቷን ሰብቃ አየችኝና «ዓይን ልታከም ብለሽ ሄደሽ ምላስ አስገጥመሽ መጣሽ?» አለች። በየማለዳው ያችን ሚጢጢ ኪኒን ስውጥ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። የቀረብኝን የሚያስረሳ ጸጋ ነበር የተሰጠኝ።

አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ። የወር አበባዬ ተመልሶ ነበር። በሁለት መደርደሪያዎች መሐል መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፣ ደግሞም አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደስታውን የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

ረመዳን በክረምት ገባ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ግን እኔ ጋ ነው። ሐኪሟ ጾም ከልክላኛለች። መጽሐፍ ላስተካክል ብዬ እወጣና በሩን ከውስጥ ዘግቼ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ዳቦ እበላለሁ። ለበሽተኛ አላህ እንደፈቀደ አባቴ ሲያስተምሩ ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ ኃጢአት አልመሰለኝም። የከበደኝ መደበቁ ነበር።

ከዚያ ወባ ይሁን ጉንፋን ያልታወቀ ትኩሳት ጣለኝ። ማለዳ የዋጥኩትን ኪኒን አስመለስኩት። ወገቤ ተቆረጠ፣ ክፍሉ ዞረብኝ። ዕቃዬ ውስጥ ያለውን ኪኒን ለማንሣት እጄን ዘረጋሁ፤ አልታዘዝ አለኝ።

እናቴ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች። «አይዞሽ የኔ ዓለም፤ ለመግሪብ፣ ለማፍጠሪያው፣ ጥቂት ነው የቀረው፤ ታገሺ። እስከ ዛሬ ያላጎደልሽውን እንዳታጎድዪ።»

ልትረዳኝ ነበር። ከልቧ እየወደደችኝ፣ ግንባሬን እየዳሰሰች፣ በእጇ ልሞት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ራሴን አነሣሁና «ጨርቁን ደግመሽ አቀዝቅዢልኝ» ብዬ አስወጣኋት። ሁለት ኪኒን ዋጥኩ። አላህ ረዳኝ፤ አልወጣም።

ትኩሳቱ ለቀቀኝና ብዙም ሳልቆይ፣ አንድ ማለዳ ጎረቤታችን አሮጊቷ አረፉ። አንዲት ጎረቤት ከበር ሆና ጠራችኝ። እናቴ ማጠቢያውን ማንቆርቆሪያ አዘጋጅታ ገባች።

«ተነሽ። ወረፋቸውን የያዙት ካንቺ ጋር ነው።»

እኔ የወር አበባዬ ላይ ነበርኩ። ሰበብ መፍጠር እችል ነበር፤ ራሴን አሞኛል ማለት እችል ነበር። ግን ግንባሬ ላይ ያ እርጥብ ጨርቅ ታወሰኝ፤ ሌላ ትኩሳት ይመጣል።

«እማ፣ በሩን ዝጊውና ተቀመጪ።»

«ሬሳ ተዘርግቶ?»

«ተቀመጪ። እኔ ሰላት የለኝም።»

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ከባል ቤት ጀምሬ፣ ብርዱን፣ ወተቱን፣ እጢውን፣ በአፍንጫ መግባታቸውን፣ ዳቦውን፣ ኪኒኑን። እንዲህ ብዙ ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። 

«ወተት?» አለች እናቴ።

«አዎ።»

«እዚህ ቤት? ከኔ ጋር እያደርሽ?»

«አስሬው ነበር። በነጠላ ቁራጭ።»

«ያምሽ ነበር?»

 «አንዳንዴ» አልኳት።

ሻሿን አውልቃ ፊቷን ጠረገችበት። «እኔ ደግሞ በየደጃፉ ልጄ ቀዷ አያውቃትም እያልኩ፣ በበሽታሽ ስኩራራ! በነቢ! በበሽታሽ!» ካለች በኋላ በድንገት ቀና አለች። «ቆይ። ባለፈው እስከ መግሪብ ታገሺ ስልሽ… ልትሞቺብኝ ነበር?»

«አዎ፣ እማ።»

ትከሻዬን በጡጫ መታችኝ፤ ያማል። ወዲያው ደግሞ ያንኑ ትከሻዬን አቅፋ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ።

ከውጭ ጠሪዋ ደገመች፤ «ኧረ ልጅቷ ትምጣ! ዝናብ ሳይመጣ!»

«አትመጣም!» አለች እናቴ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ። «ሰላት የላትም!»

ጠሪዋ ወደ በሩ ተጠጋች። «ማን? እሷ?»

«እሷ! አልሐምዱሊላህ! እኔ አጥባቸዋለሁ፤ መጣሁ!»

ግን ቶሎ አልሄደችም። ጓዳ ገባችና ለማፍጠሪያ ካዘጋጀችው ሾርባ በሳህን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች፤ እሷ ጾመኛ ናት፣ እንፋሎቱ ፊቷን ይመታታል። አጠገቤ ቁጭ ብላ ኪኒኖቹን እንዳወጣ አዘዘችኝ። ማንበብ አትችልምና ክብዋንና ነጯን በጣቷ እየለየች፣ ሴት ተማሪዎቼን ዐማ ጁዝን፣ የቁርአኑን መጨረሻ ክፍል፣ እንደማስቀራቸው አስቀራኋት። ትኩሳት ሲሆን ይቺ፣ እጥፍ። ካስመለሰ መርፌ፣ ወደ ጤና ጣቢያ። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ አረምኳት።

«በይ ብዪ» አለች ማንቆርቆሪያውን አንሥታ። «አጥቤ ስመለስ ትጠይቂኛለሽ።»